ደቻቱን የሚጠርጉ እጆች እስር ቤት ተቀምጠዋል
የድሬዳዋን የግንቦት ሙቀት ቀምሶ ያየ ያውቀዋል። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠው እንኳ ላብ ይወርዳል። በዚህ ሙቀት ሰው በታጨቀበት የእስር ቤት ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተጣብቆ ማደር በራሱ ሌላ ቅጣት ነው። ዳኛው ያልፈረደው ቅጣት።

ደግሞ የሚታሰረው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለም። ስልክ የመነተፈ አለ። ጫት ላይ ተጣልቶ ጓደኛውን የፈነከተ አለ። ገና ያልተፈረደበትም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የዋስትና መብት ሰጥቶታል፤ ፍርድ ቤትም ፈቅዶለት ይሆናል። ግን አንድ የቀን ሠራተኛ ዋስ ከየት ያምጣ? ዘመዶቹም እንደሱው የዕለት ጉርስ ፈላጊ ናቸው። ስለዚህ ድህነቱ ያስረዋል።

ሚስቱም አብራው ትታሰራለች። ስንቅ ቋጥራ ጣቢያ በር ላይ ትሰለፋለች። ተራዋ ሲደርስ ጠባቂው «ቅመሺ» ይላታል። ከራሷ ምግብ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ሳህኑን ታቀብላለች። ሳምቡሳ ሸጣ ቤት የምታስተዳድር ከሆነች የግማሽ ቀን ገበያዋ እዚያው ቀረ።

መፍትሔው ሕጋችን ውስጥ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 103 ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ለሚያስቀጣ ጥፋት፣ ጤነኛና ለኅብረተሰቡ አደገኛ ያልሆነ ሰው በእስራት ፋንታ የግዴታ ሥራ እንዲሠራ ይላል። ቤቱ እያደረ ማለት ነው። ቅጣቱን የሚያዘገይ ገደብም አለ፣ እስራቱ ሳያልቅ በመልካም ጠባይ የሚያስፈታ አመክሮም አለ።

ሥራ ደግሞ ድሬ ሞልቷታል። በሐምሌ 1998 በአንድ ሌሊት ከተማችንን የሚያቋርጠው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዛሬም ክረምት ሲቃረብ ደለልና ፌስታል የደፈነው ቦይ የሚጠርገው ይፈልጋል። ጉልበት ያለው ጎረምሳ ግን ግድግዳ ተደግፎ ቀን ይቆጥራል። ይህ ያንገበግበኛል።

«ሌባ ነገ መንገድ ላይ ሊያገኘኝ ነው?» የሚል ተበዳይ ስጋቱ እውነት ነው። በጉልበት የዘረፈ፣ ደጋግሞ የሰረቀ ይታሰር። ግን ስልኳን የተሰረቀች ልጅ ሌባው ታስሮ ምን አገኘች? ሠርቶ ከሚያገኘው ላይ ዋጋዋን ቢከፍላት አይሻልም?

የሚጎድለው ተቆጣጣሪ ነው። ዳኛው ሥራ ቢፈርድ የት ሊልከው ነው? ማን ሊፈርምለት? የከተማው አስተዳደር በየአካባቢው አንድ ኃላፊ ይመድብ፤ የሥራ ቦታዎቹን ዝርዝር ለፍርድ ቤቶች ያስገባ። ዘንድሮ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ከደቻቱ ዳር ሰፈሮች ይጀመር።