«ቀለበትሽን አውልቂና ግቢ» የሚባለው ምክር በቃኝ

እህቶች ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ ረጅም ነው ምጽፈው፣ ሆዴ ሞልቷልና ታገሱኝ። ሥራ ለምትፈልግ የተማረች ሴት ከሚሰጠው ምክር ሁሉ አንዱ በጣም አንገፍግፎኛል። «ኢንተርቪው ስትገቢ ቀለበትሽን አውልቂ፣ ልጅ አለሽ ካሉሽ የለኝም በይ» የሚለው። ደሴ ላይ ይሄን ያልሰማች አካውንታንት፣ ኢንጂነር፣ ፋርማሲስት ካለች እስቲ ንገሩኝ። ሚነግሩሽ ደሞ ጠላቶችሽ አይደሉም፣ ሚወዱሽ ናቸው፣ አክስትሽ ናት፣ ቀድማሽ ሥራ የያዘች ጓደኛሽ ናት፣ እኔን የመከሩኝ እንደ እናቴ ማያቸው ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፣ እሳቸውም የገዛ ልጃቸው ላይ የደረሰውን አይተው ነው። እኔን ሚያቃጥለኝ ምክሩ ውሸት መሆኑ አይደለም፣ እውነት መሆኑ ነው! ያወለቀችው ትቀጠራለች፣ ያላወለቀችው «እንደውልልሻለን» ተብላ ትሸኛለች።

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ አንድ የግል ድርጅት ለሲኒየር አካውንታንትነት ጠርቶኝ ወረድኩ። ማስታወቂያቸው ግርጌ ላይ በደማቁ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል። ሐረጎ ላይ ጉም ተኝቶ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ነው የወረደው፣ ግን በጊዜ ደረስኩና ወረፋ ያዝኩ። ስገባ ሦስት ሰው ተቀምጧል፣ ሁለት ወንድ አንድ ሴት። መጀመሪያ ላይ ደስ ሚል ነበር፣ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) ላይ ምን ያህል ሠርተሻል፣ የባንክ ማስታረቅ እንዴት ነው ምትሠሪው፣ የቫት ሪፖርት ብቻሽን አዘጋጅተሽ ታውቂያለሽ፣ ኦዲተር ሲመጣ ማነው ሰነዱን ሚያቀርበው... ይሄ ለዓመታት የሠራሁት ሥራ ነው፣ ሁሉንም መለስኩ። ከዛ መሀል የተቀመጡት ሰውዬ ሲቪዬን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «አግብተሻል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ልጅስ?» ሁለት አሉኝ አልኩ። «ትንሹ ስንት ዓመቱ ነው?» ነገርኳቸው። «ሌላ ለመውለድ አስባችኋል?» እዛ ክፍል ውስጥ ባሌ የለም፣ ለሥራው ያመለከትኩት እኔ ነኝ፣ ግን አስባችኋል ነው ያሉኝ። ቀጠሉና «ባለቤትሽ ከደሴ ኮምቦልቻ መመላለስሽን ፈቅዷል?» ከዚ በኋላ ስለ ሂሳብ አንድም ጥያቄ አልተጠየቅኩም።

ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ አብሮኝ ተራ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነበር፣ እሱም ከደሴ ነው የመጣው፣ እሱም ባለትዳር ነው፣ እንደውም ልጆቹ ከኔ ይበዛሉ። እሱ እስኪወጣ ጠበቅኩትና «ወንድሜ፣ ስለ ልጆችህ ጠየቁህ?» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። «ኧረ ስለ ልጅ የተነሳ ነገር የለም፣ መቼ መጀመር ትችላለህ ነው ያሉኝ» አለኝ። በቃ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ሥራ አመልክተን፣ ከአንድ ከተማ መጥተን፣ እሱን መቼ ትጀምራለህ እኔን መቼ ትወልጃለሽ። ወላሂ እስከ ደሴ ድረስ ከሚኒባሱ መስኮት ውጪ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም፣ እንባዬን ሰው እንዳያይብኝ።

አሁን ሕጉን ላንሳ፣ ምክንያቱም «የግል ድርጅት ነው የፈለገውን ይጠይቃል» ሚል ሰው ሁሌም አለ። አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴት በቅጥር፣ በእድገትና በእኩል ክፍያ እኩል መብት አላት ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደሞ አንቀጽ 87 ላይ ሴት በመሆኗ ምክንያት በቅጥርም በክፍያም ልዩነት አይደረግባትም ይላል፣ እዛው ላይ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር አለ፣ ሴቷ ከወንዱ ጋር ተወዳድራ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያው የሷ ነው። እኩል ነጥብ ሲመጣ ለሷ ይሰጣል የተባለበት አገር ላይ ነጥቧን ከማየታቸው በፊት ማህፀኗን ሚጠይቁት እንዴት ነው?

ምክንያታቸውን አላውቀውም ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ደሞዝ ሠርቼ ስለማውቅ እኔው ራሴ ላስረዳችሁ እችላለሁ። በዚሁ አዋጅ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፣ ከነሙሉ ደሞዙ። ይሄን ሚከፍለው ራሱ አሠሪው ነው፣ ከኪሱ። ጡረታ ፈንድ አይሸፍንለትም፣ መንግሥት አይመልስለትም። ስለዚ ትንሽ ሱቅ ወይ ትንሽ ፋብሪካ ያለው ሰው ሴት ሲያይ አራት ወር ሥራ ሳይሠራ ሚወጣ ደሞዝ ነው ሚታየው። አባትየውስ? 3 ቀን። ሦስት ቀን ነው ሚሰጠው። ያ አግዳሚ ወንበር ላይ የነበረው ወንድሜ ልጅ ቢወለድለት ድርጅቱ ሚጎዳው ሦስት ቀን ስለሆነ ነው ማንም ያልጠየቀው። ሕጉ ወጪውን በሙሉ ሴት በሚለው ቃል ላይ ከምሮት ሲያበቃ አሠሪውን አታዳላ ይለዋል። ለኔ ነገሩ እዚ ጋ ነው የተበላሸው፣ የአባት ፈቃድ ቢረዝም፣ ለእናት ሚከፈለውም ሁሉም አሠሪ ከሚያዋጣው ፈንድ ቢወጣ ያ ጥያቄ ትርጉም አይኖረውም ነበር። ግን ይሄ እስኪስተካከል ድረስ ሂሳቡን እኔ ላወራርደው አይገባም፣ ባለድርጅቱም በኔ ላይ ሊያወራርደው አይገባም።

ሌላው የሲቪ ክፍተት ሚሉት ነገር ነው። «ከ2013 እስከ 2015 ሲቪሽ ላይ ክፍተት አለ፣ ምን ስትሠሪ ነበር?» ተብላ የተጠየቀች የደሴ ልጅ አውቃለሁ። ደሴ ላይ! ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ገብቶ ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዛም ወደ ደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲሰደድ ጠያቂው የት ነበር? ኮምቦልቻም ተያዘች፣ ስንመለስ ቢሮው ተዘርፏል ፋይሉ ተበታትኗል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ሚጽፍልሽ ድርጅት ራሱ የለም። በ2009 ሲመረቅ ለስንት ልጅ እንጀራ ይሆናል የተባለው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመታ፣ እዛው ታኅሣሥ 2014 ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ አስወጣች። በቀረችው ጥቂት ሥራ ላይ ስንት ሰው እንደተሰለፈ ራሳችሁ አስቡት። ከዛ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደሞ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ ቴሌግራም ላይ ሚለቀቀው ቫኬንሲ እኛ ጋ ሲደርስ ቀኑ አልፎበታል። በዚ መሀል አንዷ ወልዳለች፣ አንዷ አስታማለች፣ አንዷ የተፈናቀለ ዘመድ ቤቷ አስቀምጣ አብልታለች። ይሄ ክፍተት አይባልም እኮ!

እና አዲስ አበባ ያላችሁ የካሪየር አማካሪዎች፣ እባካችሁ፣ በቅንነት ነው ምላችሁ። ሊንክዲን ክፈቺ፣ ኔትወርክ አስፊ፣ ኮንፊደንስ ይኑርሽ፣ ደሞዝሽን ተደራደሪ ትሉናላችሁ። እኛ ጋ ሥራ ሚገኘው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው፣ «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በአካል ቅረቡ» ነው ሚለው፣ ልጅሽን ለጎረቤት አስይዘሽ፣ ትራንስፖርት ከፍለሽ፣ ለመመዝገብ ብቻ። ደሞዙ «በስምምነት» ነው፣ ስምምነቱ ሚባለው ደሞ እነሱ ቁጥር ይጠራሉ አንቺ እሺ ትያለሽ። ገንዘብ ነክ ሥራ ከሆነ ዋስ አምጪ አለ፣ ዋሱ ቋሚ ደሞዝተኛ መሆን አለበት፣ ለወንዱ አጎቱ ወይ ጓደኛው ይፈርምለታል፣ ለሴት «ነገ ባሏ ተዛውሮ ይዟት ቢሄድስ» ተብሎ እጅ ይሰበሰባል። እዚ ውስጥ ያለችን ሴት ኮንፊደንስ አነሰሽ ማለት ግፍ ነው። ኮንፊደንስማ ባይኖራት ያንን ሁሉ አልፋ ከዛ ክፍል አትገባም ነበር።

እኔ ለምታውቁኝም ለማታውቁኝም እህቶች ምመክረው ሌላ ነው። አሁን እየሠራሽ ከሆነ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ዛሬ ጠይቂ፣ እስክትለቂ አትጠብቂ። በሕጉ ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የሠራሽበትን ጊዜና ደሞዝሽን ጽፎ በነጻ መስጠት ግዴታው ነው። የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይጻፍበት፣ እሱ ከሌለ ብዙ ቦታ የግል ድርጅት ልምድ አይያዝልሽም። ስካን አድርገሽ ቴሌግራምሽ ላይም ኢሜይልሽ ላይም አስቀምጪ፣ የ2014ቱን አይተናል። ጡረታ እየተቆረጠልሽ መሆኑንም አጣሪ፣ ከአንቺ 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፣ ፔሮል ላይ ብቻ ተቆርጦ ሳይገባ ሚቀርበት ቦታ አለ። ቁጥርሽንና የገባልሽን ጠይቂ፣ ማፈር የለም፣ ነገ ሠርታለች ብሎ ሚመሰክርልሽ እሱ ወረቀት ነው። የሙከራ ጊዜ ደሞ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፣ «ሙከራ ላይ ነሽ» እያሉ ስድስት ወር ሚያስሠሩ አሉ፣ እሱን ቁጠሪ። ቀጥረውሽ ካረገዝሽ በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ እንዲሁ ተነስተው ሊያሰናብቱሽ አይችሉም።

ስለ ቀለበቱ... አታውልቂው ብዬ ማንንም አላዝም። የቤት ኪራይ ሚጠብቃት፣ ልጇ ወተት ሚፈልግባት እህቴ አውልቃ ገብታ ሥራ ብታገኝ ማንም ሊወቅሳት አይችልም፣ እኔ ለሷ ደስ ይለኛል። ግን ከጠየቁሽ እንዲህ ማለት ይቻላል፣ «ሥራው ሰዓት ላይ መገኘትን ሚጠይቅ ከሆነ እገኛለሁ፣ የመስክ ጉዞ ካለው እሄዳለሁ፣ ስለ ሥራው ይጠይቁኝ»። በትሕትና፣ «እርስዎ» ብለሽ፣ ፈገግ ብለሽ። ሊያናድዳቸው ይችላል፣ ላይቀጥሩሽም ይችላሉ፣ ይሄን ደብቄ አልመክርም። ጥያቄውን ግን ወጥተሽ በቀኑ ጻፊው፣ ማን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳለ። ማስታወቂያውንም ፎቶ አንሺው። አቤት ልትዪ ብትነሺ ያለዛ ምንም በእጅሽ የለም።

መጨረሻ ላይ ኮሚቴ ውስጥ ለተቀመጥሽው ሴት አንድ ነገር ልበል። ያን ቀን ሦስተኛዋ ወንበር ላይ የነበረችው ሰውዬው «ሌላ ለመውለድ አስባችኋል?» ሲሉ አንገቷን ደፍታ እስክሪብቶዋን ስታገላብጥ ነበር። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ። አልፈርድባትም፣ አለቃዋ ይሆናሉ፣ እሷም በዛው በር ነው የገባችው። ግን አብዛኛው ቦታ የጥያቄ ወረቀቱን ምታዘጋጁት፣ ነጥቡን ምትደምሩት፣ ቃለ ጉባኤውን ምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ለወንዱ ማይጠየቅ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አይግባ። ከወረቀቱ ውጪ ከተጠየቀ ደሞ «ጋሼ፣ ይሄኛው ነጥብ ሚያዝለት አይደለም፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ» በይ። ካልተሰማሽ ቃለ ጉባኤው ላይ እንደተጠየቀ ጻፊው፣ ለኔም ለሱም የተጠየቀውን ጎን ለጎን፣ ከዛ ሁላችሁም ፈርሙበት።