ከሕመምተኛው በፊት መረጃው ይድረስ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በስትሮክ ሲመታ፣ አፉ ሲጣመምና እጁ አልታዘዝ ሲለው፣ ቤተሰብ ወዳገኘው ጤና ተቋም ይሮጣል (መጋኛ ነው ብሎ የሚውለውን ለዛሬ እንተወው)። አንዱ «ሲቲ ስካን (የጭንቅላቱን ውስጥ በጨረር የሚያነሳው ማሽን) የለንም» ብሎ ሪፈር ይጽፋል። ሌላው ጋ ማሽኑ አለ፣ ግን ተበላሽቷል። አስታማሚው ላዳው ውስጥ በአንድ እጁ የሕመምተኛውን ራስ ደግፎ፣ በሌላው ስልክ ይዞ «ሲቲ ይሠራል?» እያለ ከተማውን ያዳርሳል። የመረጃ መረቡ በሙሉ እሱ ነው።

ስትሮክ የሚመጣው የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመደበኛው አሠራር ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የፈሰሰ ደም ከሆነ ግን ያው መድኃኒት ሊገድል ስለሚችል ሲቲ ሳይነሳ አይሞከርም።

ሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከበር እስከ መርፌ፣ ማለትም ሕመምተኛው ከደረሰ ጀምሮ ይህን መድኃኒት እስኪወጋ የሚያልፈው ጊዜ በ1998 እ.ኤ.አ. 105 ደቂቃ ነበር፤ በ2011 ወደ 20 ወረደ። የአምቡላንሱ ባለሙያ መንገድ ላይ ሳለ ለሐኪሙ ይደውላል፤ ሐኪሙ የሕመምተኛውን ማንነትና የሕክምና ታሪክ አስቀድሞ ያያል፣ ሲቲውን ያዛል፤ ሕመምተኛውም በአምቡላንሱ ቃሬዛ እንዳለ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ይገፋል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ አዲስ አፕ ይፈልጋል? የኛ የዲጂታል ጤና ስብሰባ ግን አፕ ሳያስመርቅ አይበተንም።

እኔ የምለው ከሆስፒታሎቹ እንጀምር ነው። የየሆስፒታሉ ላይዘን ኦፊስ (ሪፈር የሚቀበለውና የሚልከው ክፍል) ሲቲው መሥራቱን፣ ተረኛ ሐኪም መኖሩን በየፈረቃው ያሳውቅ፤ የቀይ መስቀሉ 907ም የእሳትና አደጋው 939ም ያንኑ ይዩ፤ በላዳ ለሚመጣው ቤተሰብም በስልክ ይነገር። ብልሽት ነውር ሆኖ የሚደበቅ ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ስለዚህ ጤና ቢሮው ማስገደድ አለበት።

ከአምቡላንሱ ወደ ሆስፒታሉ ደግሞ የደም ግፊቱ፣ የስኳሩ መጠን፣ የሚወስደው መድኃኒት ይነገር። ከሁሉም በላይ ግን ሰዓቱ። «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንዲህ ሆኖ አገኘነው» ማለት በ1 ሰዓት ጀመረው ማለት አይደለም፤ ማታ 3 ሰዓት ደህና ሆኖ ከተኛ የሚቆጠረው ከ3 ሰዓት ነው። ያን የምታውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት የቀረችው ሠራተኛ ወይም የጎረቤት ልጅ ናት። የእሷ ስልክ ቁጥር ከሕመምተኛው ጋር መሄድ አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ የስልክ ጥሪ ያልቃል። በቴሌግራም ግሩፕ የሕመምተኛ ፊት መለጠፉ ግን ይቅር።

«መድኃኒቱ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ፍጥነቱ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ግማሹን። እኛ ዘንድ ደም ፈሶባቸው የሚመጡት ከአውሮፓው በድርሻ ይበዛሉ። እነሱ የሚሹት ግፊታቸውን በጊዜ የሚያወርድ፣ ካስፈለገም የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም ያለበት ቦታ ነው። የትኛው ሆስፒታል ዛሬ ማታ ይህ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ስልኩ ጫፍ ላይ ካለ፣ ላዳው ሦስት በር አያንኳኳም።