ውሉን ያነበበ ተፋላሚ

ሰው ስለ ካሜሩናዊው ተፋላሚ ፍራንሲስ ንጋኑ ሲያወራ ሁሌም ከአሸዋው ይጀምራል። እኔም ከዚያው ልጀምርና ቶሎ ልለፈው።

ንጋኑ በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ምዕራብ ካሜሩን ውስጥ ባቲዬ በምትባል መንደር ተወለደ። ከእኛዋ ባቲ ጋር አታምታቷት። ገና በልጅነቱ አሸዋ እየቆፈረ መኪና ላይ ይጭን ነበር። ምኞቱ እንደ ማይክ ታይሰን ቦክሰኛ መሆን ነው። በ2012 ከአገሩ ወጣ። ናይጄሪያ፣ ኒጀር፣ ሰሃራ፣ አልጄሪያ፣ ሞሮኮ። ሞሮኮ ላይ አንድ ዓመት ያህል ተንከራተተ። ወደ ስፔን ለመሻገር ሞክሮ ተያዘ፤ እንደገና ሞክሮ እንደገና ተያዘ። በመጨረሻ በጎማ ጀልባ ተሻገረ። ስፔን እስር ቤት ሁለት ወር ቆየ። በ2013 ፓሪስ ገባ። ማደሪያ ስላልነበረው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይተኛ ነበር።

ይህን መንገድ ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። በመተማ ወጥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ ሊቢያ የገባ ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ የሌለው ማን አለ? ለዚህ ነው የእኛ ሰው ንጋኑን ሲያይ ቶሎ ልቡ የሚነካው። በረሃውን አልፎ፣ ባሕሩን አልፎ፣ ቀን ወጣለት። ኤምኤምኤ በሚባለው የፍልሚያ ስፖርት የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ታሪኩ እዚያ ጋ ያበቃል፤ ፎቶው ይለጠፋል፤ «ተስፋ አትቁረጥ» ይጻፍበታል።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ይህ ሰው ቀበቶው ወገቡ ላይ እያለ የፈረመውን ወረቀት አውጥቶ አነበበ። አንብቦም አልወደደውም።

እስቲ ስለ ሥራው ትንሽ ላውራ። ኤምኤምኤ ቡጢም፣ እርግጫም፣ ትግልም፣ አንገት ማነቅም የሚፈቀድበት ፍልሚያ ነው። ትልቁ አዘጋጅ ዩኤፍሲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ንጋኑ ፓሪስ ውስጥ በአሰልጣኝ ፈርናንድ ሎፔዝ እጅ ሥራውን ጀምሮ፣ በ2015 መጨረሻ ዩኤፍሲ ገባ። እጁ ከባድ ነው። የነካው ሁሉ ይወድቃል። በጥር 2018 ለቀበቶው ከሻምፒዮኑ ስቲፔ ሚዮቺች ጋር ገጥሞ አምስት ዙር ሙሉ ተቀጠቀጠ። ቀጣዩ ከደሪክ ሉዊስ ጋር የነበረው ፍልሚያ ደግሞ እንቅልፍ የሚያመጣ ነበር፤ ሁለቱም ሳይማቱ ሰዓቱ አለቀ፤ እሱም በነጥብ ተሸነፈ። «አለቀለት» ተባለ። ከዚያ አራት ሰው በተከታታይ ዘረረ። የአራቱም ፍልሚያ ጊዜ ቢደመር ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በመጋቢት 2021 ሚዮቺችን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ ቀበቶውን ወሰደ። በዚያ ወቅት ናይጄሪያ የተወለዱት ካማሩ ኡስማንና ኢስራኤል አዴሳንያም በየሚዛናቸው ሻምፒዮኖች ነበሩ። ሦስት የአፍሪካ ልጆች በአንድ ጊዜ።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

የኤምኤምኤ ተፋላሚ በውሉ ላይ ተቀጣሪ አይደለም። ራሱን የቻለ ሥራ ተቋራጭ ይባላል። ደመወዝ የለውም፣ ጡረታ የለውም። አዲስ ገቢ ሲሆን ብዙ ጊዜ ለመግባት ይህን ያህል፣ ካሸነፈ ደግሞ ሌላ ያንኑ ያህል ይባላል። ዩኤፍሲ ውስጥ ለዓመታት ሲወራ የቆየው 10 ሺህ ዶላር ለመግባት፣ 10 ሺህ ለማሸነፍ ነው። በብር እያሰባችሁ አትጎምጁ። ከዚያ ላይ አሰልጣኙ፣ ማኔጀሩ፣ የልምምድ ቦታው፣ ግብሩ ይነሳል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢጠራ ነው። እጁ ከተሰበረ ወይም ጅማቱ ከተበጠሰ ጭራሽ ላይጠራ ይችላል።

«ራሱን የቻለ» የሚለው ቃል ነው የሚያስቀኝ። ራሱን ችሏል፣ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ መፋለም አይችልም። ራሱን ችሏል፣ ግን ወደ ፍልሚያ ሲገባ ቁምጣው ላይ የራሱን ስፖንሰር መለጠፍ አይችልም። ደግሞ ሻምፒዮን ከሆነ ውሉ ላይ ያለች አንዲት አንቀጽ ትነሳና ጊዜውን ታራዝምበታለች። ስታሸንፍ የምትታሰርበት ሥራ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም።

ቦክስ ውስጥ ቢያንስ ሕግ አለ። በመሐመድ አሊ ስም የተሰየመ፣ በ2000 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አዘጋጁ ከፍልሚያው ምን ያህል እንደሚያገኝ ለቦክሰኛው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ኤምኤምኤን ግን አይመለከትም። ስለዚህ ማን ከማን እንደሚገጥም፣ ለቀበቶው ማን እንደሚሰለፍ፣ ስንት እንደሚከፈለው የሚወስነው ያው አንድ ኩባንያ ነው። የቀድሞ ተፋላሚዎች በ2014 ገበያውን በብቸኝነት ይዞታል ብለው ዩኤፍሲን ከሰሱ። በክሱ ላይ እንደቀረበው ከኩባንያው ገቢ ለተፋላሚዎቹ የሚደርሰው 20 በመቶ ገደማ ነው። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ግማሹን ያህል ይወስዳሉ። ክሱ ከአሥር ዓመት በኋላ በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ቅርጫት ኳሶቹ ማኅበር አላቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። የመጀመሪያ ሥራዬን ስይዝ 12 ገጽ የእንግሊዝኛ ውል ሰጡኝ። «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» ተባልኩ፤ ፈረምኩ። ደስታዬ አንድም መስመር አላስነበበኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ልለቅ ስል አንዷ አንቀጽ ብቅ አለች። የሥልጠና ወጪ ትመልሳለህ። ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር፤ ሻይና ብስኩት ነበረው። ከፍዬ ወጣሁ። ስለዚህ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ እየፈረመ በሚኖር ሰው ላይ የመሳቅ መብት የለኝም።

ንጋኑም በረሃብ ዘመኑ ፈርሟል። ሲያገግም ግን ጠየቀ። የጠየቀውን እሱ ራሱ በይፋ ተናግሯል። ቦክስ እንድገጥም ፍቀዱልኝ። የራሴን ስፖንሰር ልያዝ። ለተፋላሚዎች የጤና መድን ይኑር። ስብሰባችሁ ላይ ስለ ተፋላሚዎች የሚናገር ሰው ይቀመጥ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ልብ በሉ፤ ለራሱ ብቻ አይደለም።

በጥር 2022 ከሲሪል ጋን ጋር ሊገጥም አናሃይም ካሊፎርኒያ ሄደ። እኛ ጋ እሑድ ማለዳ ነበር። ይቺን ፍልሚያ ደጋግሜ አይቻታለሁ። ጋን ፓሪስ ውስጥ አብሮት ይለማመድ የነበረ ሰው ነው። ጋንን ይዞ ጥግ ላይ የቆመው ደግሞ ሎፔዝ ነው፤ ንጋኑን ከዜሮ ያነሳው፣ በኋላ የተጣሉት አሰልጣኝ። የንጋኑ ጉልበት ከፍልሚያው በፊት ነበር የተጎዳው፤ ጅማቶቹ ጥሩ አልነበሩም። ዶክተር አትግጠም ሲለው እሺ የሚልበት ሁኔታ ላይ አልነበረም። ቀርቶ ቢሆን «ገንዘብ ስላነሰው ሸሸ» ይባል ነበር። ቢሸነፍ ደግሞ የመደራደሪያ ዋጋው አፈር ይበላል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ጋን በእርግጫና በእግር ሥራ አሞኘው። ሦስተኛው ዙር ላይ ማንም ያልጠበቀው ነገር መጣ። በቡጢ ብቻ የሚታወቀው ሰው ጋንን አንስቶ መሬት ላይ ጣለው። ደግሞ ጣለው። የተጎዳ ጉልበት ይዞ ትግል ገባ! እስከ አምስተኛው ዙር እንዲሁ ሆኖ በነጥብ አሸነፈ። ይፋ የተደረገው ክፍያው 600 ሺህ ዶላር ነበር። የዩኤፍሲው አለቃ ዳና ዋይት የሻምፒዮንን ቀበቶ በእጁ ማስታጠቅ ልማዱ ነው። ያን ሌሊት ግን ሊያስታጥቀው አልመጣም። ከፍልሚያው በኋላ ለጋዜጠኞች መግለጫ በሚሰጥበት ወንበር ላይም አልተቀመጠም።

ከዚያ ንጋኑ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አደረገና ቁጭ አለ። የውሉ ዘመን እስኪያልቅ ዓመቱን ሙሉ ጠበቀ። ለእኔ ትልቁ ፍልሚያው ይህ ነው፤ ደግሞ የሚታይ ነገር የለውም። ቪዲዮ የለውም። 36 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስፖርተኛ ነው፣ ቤቱ ተቀምጦ ቀን ይቆጥራል።

በጥር 2023 ዩኤፍሲ ለቀቀው፣ ቀበቶውንም ነጠቀው። ዋይት በታሪክ ከፍተኛው የከባድ ሚዛን ክፍያ አቅርበንለት ነበር አለ። ደከም ካሉ ሰዎች ጋር ገጥሞ ብዙ ገንዘብ ማግኘት ነው የሚፈልገው ብሎም አከለበት። ደጋፊው ከዋይት ብሶ ሳቀ። «ከአሸዋ ወጥቶ ተመልሶ አሸዋ ሊገባ ነው» ዓይነት ቀልድ በየመንደሩ ተቀለደ። አንድ ነገር ግራ ይገባኛል። ቲኬት የሚገዛው፣ ለቴሌቪዥን የሚከፍለው ሰው፣ ተፋላሚና ባለ ሀብት ሲጨቃጨቁ ሁሌ ከባለ ሀብቱ ጎን የሚቆመው ለምንድን ነው?

በግንቦት 2023 ፒኤፍኤል ከተባለ ሌላ ድርጅት ጋር ፈረመ። ቦክስ መግጠም ተፈቀደለት፤ በአፍሪካ ለሚከፈተው ሊግም የድርሻና የኃላፊነት ቦታ ተሰጠው። በጥቅምት ሪያድ ላይ ከታይሰን ፉሪ ጋር ገጠመ። በፕሮፌሽናል ቦክስ አንድም ቀን ገጥሞ የማያውቅ ሰው፣ ከዓለም ሻምፒዮን ጋር። በሦስተኛው ዙር በግራ እጁ አወረደው። ፉሪ መሬት ላይ! ዳኞቹ ሁለት ለአንድ ለፉሪ ሰጡ። ስንቱ ሰው ግን ዛሬም አሸናፊው ንጋኑ ነው ይላል። እኔ በአንድ ነጥብ ለፉሪ ሰጥቼዋለሁ፤ ጓደኞቼ ይቅር አላሉኝም። ገንዘቡን በተመለከተ ንጋኑ ራሱ እንዳለው፣ ያን ቀን ያገኘው ዩኤፍሲ ውስጥ ከነበረበት ዘመን ገቢ ሁሉ ይበልጣል።

ይህን ብዬ ታሪኩን አሳምሬ ብዘጋው ውሸት ይሆናል። በመጋቢት 2024 እንግሊዛዊው ቦክሰኛ አንቶኒ ጆሹዋ በሁለተኛው ዙር ዘረረው። አስቀያሚ አወዳደቅ ነበር። ከዩኤፍሲ ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታትም የገጠመው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ጉልምስናው በድርድርና በመጠበቅ አለቀ። ከዩኤፍሲ ጎበዞች ጋር ሊያሳየን የሚችለውን ፍልሚያ አላየንም። ተመልካች ነኝና ይቆጨኛል።

ሌላም አለ። ንጋኑ ያደረገውን ስንቱ ተፋላሚ ማድረግ ይችላል? እሱ ሻምፒዮን ነበር፣ ስሙ ተጠርቷል፣ ሳዑዲዎች ይፈልጉታል። 10 ሺህ ለመግባት 10 ሺህ ለማሸነፍ የሚጋጠም ልጅ ዓመት ሙሉ ቤቱ ቢቀመጥ የቤት ኪራይ ማን ይከፍልለታል? «እንደ ንጋኑ ደፋር ሁን» የሚለው ምክር ለእሱ አይሠራም። እሱን የሚጠቅመው ማኅበርና ሕግ ነው፤ ሁለቱም ገና የሉም። ንጋኑ የጠየቃቸው መድኑና የስብሰባው ወንበርም ዩኤፍሲ ውስጥ ሳይሰጡ ነው የወጣው።

በሚያዝያ 2024 ገና 15 ወር የሆነው ወንድ ልጁ ሞተ። ስለዚህ ብዙ አልልም። ስድስት ወር ቆይቶ ሪያድ ውስጥ ወደ ኤምኤምኤ ተመለሰ። ተጋጣሚው ብራዚላዊው ሬናን ፌሬራ ነበር፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ንጋኑ መሬት ላይ ጥሎት በመጀመሪያው ዙር ጨረሰው። ከዚያ አለቀሰ።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ ሰው የማያነሳት አንዲት ነገር አለች። ንጋኑ ከፒኤፍኤል ጋር ሲፈራረም ከእሱ ጋር የሚገጥም ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቢያንስ 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው ውሉ ውስጥ አስገብቷል። ይህን ያስጻፈው ፌሬራ መሆኑን ሳያውቅ ነው፤ አንድ ቀን ሊዘርረው ለሚመጣ ለማያውቀው ሰው ነው ያስጻፈው። ዳኛው ሲያላቅቃቸው ፌሬራ ተሸንፎ የተነሳው ያንን ይዞ ነው።