ማሰሪያ አንቀጽ የማይፈልጉ ሊቃውንት

ጎንደር ድሮ በሊቃውንቷ የምትታወቅ ከተማ ነበረች፤ ዛሬም ናት፤ የተለወጠው ሊቅ ለመሆን የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። የቀድሞው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ዜማውንና ቅኔውን አልፎ ትርጓሜ ቤት ሲገባ ጉልምስናው ተጋምሶ ነበር። እዚያም ከደረሰ በኋላ መምህሩ አንዲቱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ አራትና አምስት ጊዜ ሲያመላልሱበት ይውላሉ። ያ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ ለዛሬዎቹ ሊቃውንታችን አልገባቸውም፤ እውነታቸውን ነው። ዛሬ አንድ ሰው ፒያሳ ላይ ባጃጅ ተሳፍሮ ማራኪ እስኪወርድ ድረስ በኬሚስትሪ፣ በሕክምናና በሥነ ፈለክ ተመርቆ ይወርዳል፤ ከባጃጁ ሒሳብ በቀር የሚጠየቀው የለም። «አንድም» የምትባለውን አድካሚ ቃል ከነአካቴዋ ላስቀሩልን ለእነዚህ ሰዎች እስካሁን ምስጋና አለመቅረቡ የሚያሳፍር ስለሆነ፣ ዛሬ ዕዳውን ልከፍል ተነሥቻለሁ።

የጥበባቸው ምሥጢር ያለው ሰዋስው ላይ ነው። በቋንቋችን ማሰሪያ አንቀጹ የሚቀመጠው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ «ሊሆን ይችላል»፣ «ገና አልተረጋገጠም»፣ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» የሚሉት ሁሉ ጅራት ላይ ተሰብስበው ነው አንባቢን የሚጠብቁት። ስለዚህ ዜናውን እስከ ወገቡ አንብቦ ሼር የሚያደርግ ሰው ከጥርጣሬ ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ዕድሜውን በሰላም ሊጨርስ ይችላል። ለፈረንጁ አዝንለታለሁ፤ የእሱ «ምናልባት» ገና ከባለቤቱ ቀጥላ ስለምትመጣ ማምለጫ የለውም።

ባለፈው እሑድ እቴቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። በጡረታ ላይ ያሉትና መላው ሠፈር ጋሼ የሚላቸው ጎረቤታችን ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው እንደ ልማዳቸው ያነቡልናል። የስልኩ መስታወት ከታች በኩል እንደ ሸረሪት ድር ስለተሰነጠቀ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች አይታዩም። ሌላ ሰው ቢሆን ያስጠግነው ነበር፤ እሳቸው ግን እንከኑ የት ላይ ቢሆን እንደሚሻል ያወቁ ይመስላሉ።

አቦሉ ሲቀዳ ኬሚስትሪ ተጀመረ። «ከአየር ላይ ውኃ የሚቀዳ ዱቄት ተገኝቶ ኖቤል ተሸለመ፤ ከእንግዲህ ጀሪካን ቀረ ማለት አይዶል?» አሉ ጋሼ። እቴቴ ከበሩ ኋላ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች ገልመጥ አድርገው «ስንት ኪሎው ነው አንዱን ጀሪካን የሚሞላው?» ሲሉ ጠየቁ። ከተሰበሰብነው ሁሉ ሳይንሳዊ ጥያቄ ያነሡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ስለዚህም ማንም አልመለሰላቸውም።

ጥያቄው ግን መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ የኬሚስትሪውን ኖቤል የተካፈሉት የብረታ ብረት አተሞችን ካርቦን ባላቸው ሞለኪውሎች እያገናኙ፣ ውስጡ ክፍት ክፍል የሞላበት፣ ጋዝና እንፋሎት ገብቶ የሚያድርበት ክሪስታል መሥራት በማስቻላቸው ነው። ያጊ አማን ውስጥ ቧንቧና መብራት በሌለበት ቤት ያደገ ሰው ነውና የጀሪካንን ነገር ከእኛ ባላነሰ ያውቃል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሪዞና በረሃ ያቀረበው ውጤት እንደሚያሳየው ቁሱ ሌሊት እርጥበት ይሰበስባል፣ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ውኃውን ይለቃል፤ ከአንድ ኪሎ ቁስም 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይገኛል። በዚያ ስሌት የእቴቴን 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት አንድ ኩንታል ቁስ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ ቁሶች ተሠርተዋል፤ ሮብሰን የመጀመሪያውን ጽሑፉን ካወጣበት ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ የተለፋበት ነገር ስለሆነ ገናም ይሻሻላል። ጋሼ ግን ሠላሳ ስድስቱን ዓመት ፈንዲሻው ሳይዞር ጨርሰውታል።

በሕክምናው ረገድ ሊቃውንታችን ያላቸው ብቃት ከሁሉም ይልቃል፤ ሊያድኑት ያልቻሉት በሽታ እስካሁን አልተገኘምና። ዋናው መሣሪያቸው መቀስ ነው፤ «በአይጦች ላይ» የሚለውን ሐረግ ከዜናው ቆርጠው ሲጥሉት የታከመው አይጥ ወዲያው ሰው ይሆናል። ሎሚ ከኬሞቴራፒ 10,000 እጥፍ ይበልጣል የሚለው መልእክት ከስልክ ስልክ ሲዞር ስንት ዓመቱ ነው! በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የተቀመጠን የካንሰር ሴል በረኪናም ይገድለዋል፤ ጭንቁ ሴሉን ገድሎ የሴሉን ባለቤት ማትረፉ ላይ ነው። ይህን ዓይነት ወሬ ቡና ላይ ማንሣት ግን ነውር ስለሆነ አላነሣሁትም።

ቶናው ላይ ጋሼ «የኤድስ መድኃኒት ተገኘ፤ መቶ በመቶ» ሲሉ እልል ተባለ። ዜናው በእውነት እልል የሚያሰኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከደቡብ አፍሪካና ከኡጋንዳ በወጣው የሙከራ ውጤት፣ ሌናካፓቪር የተባለውን መርፌ በዓመት ሁለት ጊዜ ከወሰዱት 2,134 ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች መካከል በኤችአይቪ የተያዘች አንድም አልነበረችም። (ያባረርናት «አንድም» በሌላ ትርጉሟ ተመልሳ መምጣቷን ልብ ይሏል።) ነገር ግን ሙከራው የተደረገው ቫይረሱ በሌለባቸው ሴቶች ላይ ነው፤ የተፈተነውም መከላከሉ እንጂ ማዳኑ አይደለም። በሊቃውንታችን እጅ «መከላከያ» ወደ «መድኃኒት» ለመለወጥ አንድ ሲኒ ቡና በቃው። በማግሥቱ አንድ የማውቀው፣ ለዓመታት ክኒኑን ሳያቋርጥ የሚውጥ ሰው ደውሎ «ከእንግዲህ ባቆመውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደ መለስኩለት ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ እልልታቸውን ማበላሸት አልፈለግሁም።

በረካ ሲደርስ ከምድር ወጣን። «ሌላ ዓለም ላይ ሕይወት ተገኘ» አሉ ጋሼ፤ እቴቴም «ቡና ይጠጣሉ?» ብለው ጠየቁ። ነገሩ ኬ2-18ቢ የተባለችው፣ ከእኛ 124 የብርሃን ዓመት ርቃ የምትገኘው ፕላኔት ናት። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 እንዳስታወቀው፣ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በፕላኔቷ ከባቢ አየር ውስጥ፣ በምድራችን በዋነኛነት የባሕር ደቂቅ ሕዋሳት የሚያመነጩት ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ያለ የሚያስመስል ምልክት አይቷል። «ያለ የሚያስመስል» ብዬ መጻፌን ጋሼ ቢያዩ ያዝኑብኛል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ምልክቱ በሲግማ (ነገሩ የአጋጣሚ አለመሆኑ በሚለካበት ሚዛን) ሦስት ነው፤ ግኝት ለመባል አምስት መድረስ አለበት ነው ያሉት፤ ሌሎች ደግሞ ያንኑ መረጃ በሌላ መንገድ መርምረው ምልክቱ ጠንካራ አይደለም አሉ። አንዱ እንዲህ ነው ሲል ሌላው አንድም እንዲያ ነው ይላል ማለት ነው፤ ልክ እንደዚያ እንደ ጥንቱ ጉባኤ ቤት። ቴሌስኮፑ ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሥነ ፈለክ የትርጓሜ ቤት ወንበር ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ ወንበሩን ቀድማ የዘረጋችው ከተማ ሊቃውንት ግን ከዚያ ኋላ ቀርነት ነፃ ወጥተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠራሁ። «ጋሼ፣ እዚህ እኛው ሆስፒታል የተሠራ ጥናት አለ እኮ» አልኳቸው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አሸዋ ዝንብ ነድፋው ሆዱ ተነፍቶ፣ ሰውነቱ ከስቶ፣ በካላዛር ተይዞ ሲመለስ የሚታከመው በቀን ሁለት መርፌ ለ17 ቀናት እየተወጋ ነበር፤ አንደኛው መርፌ ደግሞ ልብን ሊጎዳ የሚችል የአንቲሞኒ መድኃኒት ነው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ በተደረገው ሙከራ፣ ጎንደርም አንዷ ጣቢያ በነበረችበት፣ አንቲሞኒውን አስቀርቶ በቀን አንድ መርፌ ከሚዋጥ እንክብል ጋር ለ14 ቀናት መስጠት ተፈተነ፤ ሁለቱም ሕክምናዎች ከ91 በመቶ በላይ ታካሚዎችን በማዳን ተቀራረቡ። ለዚያ ሠራተኛ የቀሩለት መርፌዎች ሃያ ናቸው፤ ቁጠሩት።

ጋሼ በትዕግሥት አዳመጡኝ። «ተቀራረቡ?» አሉ በመጨረሻ፤ «ተቀራረቡ ብዬ ለሰው ልላክ?» እውነታቸውን ነው፤ «ተቀራራቢ» የሚል ዜና ማንን ያስደነግጣል? ደግሞም ጥናቱ የተሠራበት ሆስፒታል በእግር የሚደረስበት ነው፤ በእግር የሚደረስበት ነገር ሳይንስ ሊሆን አይችልም። እንዲሁ ለነገሩ ያህል «ቪዲዮ አለው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የለውም አልኳቸው፤ ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። «ነጭ ሽንኩርትና ማር ደባልቆ በባዶ ሆድ መውሰድ የስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል…» ብለው ካነበቡ በኋላ ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጽሑፉንም ለመላክ ጊዜ ሳያጠፉ በድምፃቸው አሳጥረው ለቤተሰብ ግሩፑ ላኩት። እኔ ስልኩን ተቀብዬ ወደ በሩ ብርሃን እያዘነበልኩ የታችኛውን መስመር በግድ ለቀምኩት፤ «…በሚል የሚሰራጨው መረጃ ሐሰት መሆኑን ሐኪሞች አሳሰቡ» ይላል። ቀና ብዬ ልነግራቸው ስል ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው መልስ ልካ ነበር፤ ማሩ የጣዝማ ይሁን ወይስ የንብ፣ አባቷን ትጠይቃለች።