ከላሌሊ ወጣ በሉ

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ለልብስ ንግድ ኢስታንቡል የሚመላለስ ሰው ካወቃችሁ ስለ ከተማዋ ጠይቁት። የሚነግራችሁ ስለ ላሌሊ፣ ስለ ጅምላ ልብስ ገበያው ሰፈር ነው። የትኛው ሱቅ በጅምላ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ካርጎ ቶሎ እንደሚያደርስ፣ የጂንስ ዋጋ ካምናው ምን ያህል እንደጨመረ አንድ በአንድ ያውቃል። «ባሕሩስ?» ብትሉት ከአውሮፕላን መስኮት አይቶታል። ባሕሩ ግን ከላሌሊ ቁልቁል ቢሄዱ የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው፣ ለንግድም ይሁን ለሕክምና ወይም ለስብሰባ፣ አንዲት ቀን ቀንሶ ከጓደኛው ጋር ያለ ምንም ጉዳይ ከተማውን መዞር አለበት ብዬ አምናለሁ። ሙዚየም ለመጨረስ፣ ፎቶ ለመሰብሰብ አይደለም። እግር ወደመራው መሄድ፣ ሲደክም መቀመጥ፣ ማውራት ነው።

«ዶላሩ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ሽርሽር?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ቤት ውስጥ የሚጠብቅ ልጅ አለ፣ የሚከፈል ብድር አለ። ነገር ግን እቃ የሚያመጡ ሰዎችን ጠይቄ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ቀኑ ድሮም አለ። ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ልብሱ እስኪቆጠር፣ እስኪታሸግ፣ ካርጎ ቤት ገብቶ እስኪመዘን ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው የሆቴል አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ሲነካካ ያሳልፈዋል። ለትራምና ለጀልባ የሚከፈለው ደግሞ እዚያው ሆቴል በር ላይ ለአንድ ምሳ ከሚወጣው አይበልጥም።

ሌላው ክርክር ከባድ ነው። «ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ መዞር የሥራ ፈት ነው» የሚለው። እኛ አገር ሰው ሲሄድ ያየ ሁሉ «ወዴት ነው?» ይላል፤ መልስ ያጣ ሰው ያፍራል። ግን ይህን የምንል የጎጃም ልጆች የቅኔ ተማሪን እንዴት እንረሳለን? ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከዲማ ደብረ ኤልያስ አኩፋዳውን ይዞ በእግሩ ሲዞር የኖረ እኮ ነው። መምህር ፍለጋ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን መንገዱንም ተምሮበታል። ከጓደኛው ጋር እየተጨዋወተ፣ የሰማውን ቅኔ እያነሳና እየጣለ ነው የሚጓዘው። እግር ሲሄድ ልብ እንደሚሠራ እነሱ ከሁላችንም በፊት ያውቁ ነበር።

ባሕር ዳር ልብስ የሚሸጥ አንድ ጓደኛ አለኝ። ልጅ ሳለ ዋሸራ ቅኔ ቆጥሯል። ከእሱ ጋር ኢስታንቡል አብረን በነበርንበት ጊዜ አንዱን ቀን እንዲሁ ለመዞር ተስማማን። ጠዋት የትራሙን ሐዲድ ተከትለን ወክ ማድረግ ጀመርን። ሐጊያ ሶፊያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስንደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። እኔ ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ያዝኩ። ሕንጻው በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን በ537 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። በ1453 መስጊድ ሆነ። በ1930ዎቹ ሙዚየም ተደረገ፣ በ2020 ደግሞ ተመልሶ መስጊድ ሆነ። ጓደኛዬ አቋረጠኝ።

«ቆይ እስቲ። ይኼ ቁስጥንጥንያ ነው ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እና ዮሐንስ አፈወርቅ የነበረው እዚህ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ ስልኩ አላስፈለገም። አፈወርቅ የዚህች ከተማ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የተሾመው በ398 ነው። ንግሥት አውዶክስያ የድሃይቱን መበለት ቦታ ስትነጥቅ እንዴት እንደገሠጻት፣ እሷም እንዴት እንዳጋዘችው ጓደኛዬ ከስንክሳር የሰማውን ከነዜማው ተረከልኝ። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በ404 እሱ ሲጋዝ ሁከት ተነስቶ እዚሁ ቦታ ላይ የነበረው የፊተኛው ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ አሁን የምናየው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ጓደኛዬ ተነስቶ ቆመ። ጉልላቱን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። የአፈወርቅን ቅዳሴ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው ነው። ላሌሊ ሲመላለስ ግን ያች የመጽሐፍ ከተማና ይህች የጂንስ ከተማ አንድ መሆናቸው ትዝ ብሎት አያውቅም። ጊዜ አልነበረውም። ጊዜ ቢኖረውም የሚያወራው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ጓደኛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ብቻውን የሚዞር ሰው ብዙ ያያል። ያየው ነገር ግን በውስጡ ያለውን የሚያነሳሳው ሲናገረው ነው። ሰባት ስምንት ሆኖ መውጣት ደግሞ አይሆንም። አንዱ ጫማ ይገዛል፣ አንዱ ይርበዋል፣ ቀኑ በመጠባበቅ ያልቃል። ሁለት ሰው ይበቃል። ያውም እርምጃው ከእርምጃችሁ የሚስማማ፣ ዝም ብትሉ «ምነው? ምን ሆንክ?» የማይል ሰው።

ከአደባባዩ ቁልቁል ወርደን ጋላታ ድልድይ ደረስን። ከላይ ትራምና መኪና ይሄዳል፣ ከሥር ምግብ ቤቶች አሉ። ሁለቱም ዳር ዓሣ አጥማጅ ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። ጓደኛዬ አንዱ ባልዲ ላይ ጎንበስ አለ። ጣት የሚያካክሉ ብርማ ዓሦች ውስጡ ይንፈራገጣሉ። «ቀረሶ ቢያዩ ምን ይሉ?» አለኝ። ስልኩን ከፍቶ ጣና ዳር የተነሳውን የአምባዛ ፎቶ ለሽማግሌው አሳየ። ሽማግሌው ሳቀ፣ እጁን ዘርግቶ የፎቶውን ዓሣ ለካ፣ ከዚያ ዘንጉን ለጓደኛዬ አቀበለው። ቋንቋ አልተግባቡም። ዓሣም አልያዘም። ግን እዚያ ቆመን የቆየነው ጊዜ ከቀኑ ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል።

ቡናውንም ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ቡና ከእኛ አገር ተነስቶ በየመን በኩል ኢስታንቡል ገባ። የከተማዋ የመጀመሪያዎቹ ቡና ቤቶች የተከፈቱት በ1550ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እነሱ ረጅም እጀታ ባላት ትንሽ የመዳብ ጀበና ያፈሉታል፤ ከነአተላው በትንሽ ስኒ ይቀርባል፤ ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ቶና የለ፣ በረካ የለ። አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ነው። የዘጌ ቡና ለለመደ ሰው ይህ ይጎድለዋል፤ እኔ የእኛን እመርጣለሁ። ሰዉ ግን አንዷን ስኒ ይዞ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ ማንም አያስነሳውም። ይህን ወድጄላቸዋለሁ።

ወደ ማታ ከኤሚኖኑ በመርከብ ተሻግረን ካዲኮይ ገባን። ከአውሮፓ ተነስቶ እስያ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ሁለቱን የሚለየውን ጠባብ ባሕር፣ ቦስፎርን፣ ሳየው «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው የእኛ ተረት ለካ የትም ይሠራል አልኩ። ተሳፋሪው ሻይ ይጠጣል፣ ልጆች ሰሊጥ የተነሰነሰበት ሲሚት የሚባል ዳቦ እየቆረሱ ለወፎቹ ይወረውራሉ። ከመርከቡ ወርደን መብራት እስኪበራ፣ ከበራም በኋላ፣ መንገድ ለመንገድ ሄድን። ሰዓት ያየ የለም።

ይህን ጎጃም ላለ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ጦርነት የተነሳ ከመሸ በኋላ ከቤት መውጣት የማይታሰብበት ጊዜ አሳልፈናል። ደጅ ሆኖ ስልክ ያላነሳ ሰው ቤተሰቡን ያሳብዳል። ጓደኛዬ ካዲኮይ ላይ እየሄድን ሳለ ድንገት «እኔ እኮ ማታ እየሄድኩ ነው» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ሰው ያለ ፍርሃት በእግሩ መሄድ ምን እንደሚመስል ሲረሳ፣ መብቱ መሆኑንም አብሮ ይረሳል። አገር ቤት ሲመለስ ሊጠይቀው የሚገባውን ነገር ያስታወሰው ያ መንገድ ነው። እኔ ለዚህች ቀን ይህን ያህል የምከራከረው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ባሕር ዳርም እኮ ለእግር የተሠራች ከተማ ናት። ዘንባባው አለ፣ የጣና ዳርቻ አለ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ቆሞ ውሃውን ለሚያይ ሰው ይበቃል። እዚያው ተወልደው አድገው በጀልባ ዘጌ ተሻግረው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያላዩ ሰዎች ግን አውቃለሁ። ጀልባው የቱሪስት ነው ተብሎ ተትቷል። ኢስታንቡል ያየሁት መርከብ የተማሪና የሠራተኛ ነው። የእኛም እንዲሁ እንዲሆን የከተማው አስተዳደር ሊያስብበት ይገባል። አንድ የዘወትር መስመር፣ ርካሽ ቲኬት፣ በሰዓቱ የሚነሳ።

እስከዚያው በዚህ ወር ኢስታንቡል ለምትሄዱ መንገዱ ይኸው። እቃውን ካርጎ ቤት አስረክቡ። ከላሌሊ ትራም ይዛችሁ ኤሚኖኑ ላይ ውረዱ። ካዲኮይ የሚል መርከብ ፈልጉ፤ ብዙ አትጠብቁም። ለትራሙ የገዛችሁት ካርድ ለመርከቡም ይሠራል። ውጭ ተቀመጡ፣ ጃኬት ያዙ፣ ንፋሱ ኃይለኛ ነው።