ያየነው ብልግናውን ብቻ ነው

የእንግሊዛዊው ኮሜዲያን የሳሻ ባሮን ኮኸን ፊልም «ዘ ዲክቴተር» ገና ሲጀምር ካርታ ያሳያል። አገሪቱ «ዋዲያ» ትባላለች፣ የፈጠራ አገር ናት። ካርታውን ግን እኛ እናውቀዋለን። ቀይ ባሕርን ይዛ፣ ሱዳን በአንድ ወገን፣ ጅቡቲ በሌላው፣ እኛ ከግርጌ። ኤርትራ ራሷ ናት፣ ስሟን ፍቀው ሌላ ጽፈውባታል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፈንዲሻዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ፈረንጁ ፈንዲሻውን ይበላል። ለእሱ ያ ቦታ የትም ነው።

ፊልሙ የወጣው ግንቦት 8 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፣ በእነሱ ሜይ 16፣ 2012። አድሚራል ጄኔራል አላዲን የሚባል ጢማም አምባገነን ኒውዮርክ ይመጣል፣ ጢሙን ይላጩታል፣ ማንም የማያውቀው ተራ ሰው ይሆናል። ታሪኩ ይኸው ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ቆሻሻ ነው። በዚሁ ቆሻሻ ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ታጂኪስታን ግን አላሳይም አለች። ለምን እንደሆነ ለእኔ ቢጤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጉዱ አማቴን ይዤ መግባቴ ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ባለቤቴ ሽፍት ስለነበረባት «እማዬን እስቲ ወጣ አድርጋት፣ ቤቱ ሰለቻት» አለችኝ። ፖስተሩ ላይ ኒሻን ያንዠረገገ ሰውዬ ቆሟል፣ ኮሜዲ ነው ተብሏል። ልብ በሉልኝ፣ ወጣ አድርጋት ያለችው እሷ ናት።

እንግዲህ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሱቅ ውስጥ ምጥ ይይዛታል። አላዲን ላዋልድ ብሎ ይገባል። ይገባል ያልኩት በምክንያት ነው። ካሜራውም ተከትሎት ይገባል፣ እዚያው ውስጥ ከባለሱቋ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ይያያዙና ፍቅር ይጀምራቸዋል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ይህን እናቶችም ያነቡታል። አማቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «ምንድን ነው የሚያደርገው?» አሉኝ። «እያዋለዳት ነው እማማ» አልኳቸው። «እንዲህ ተደርጎ?» ዝም አልኩ። ከነጠላው ሥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሳቅ ይሁን ሌላ እግዜር ይወቀው።

ከፊታችን የነበሩ ባልና ሚስት ፈረንጆች ግን ብድግ ብለው ወጡ። ኋላ ኮሪደሩ ላይ ሳያቸው ሴትየዋ ለሥራ አስኪያጁ ቅሬታዋን በትሕትና እያስረዳች ነበር፣ እሱም በትሕትና ሌላ ትኬት ሰጣት። እዚህ አገር ካስቀናኝ ነገር አንዱ ይህ ነው። አስጠላኝ ይላል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። አምፒር ወይም አምባሳደር ቢሆን በጨለማው ፉጨት ይቀልጥ ነበር፣ ከኋላ አንዱ ከፊልሙ የባሰ ነገር ይናገር ነበር፣ ግን እስከ መጨረሻው የማይቀመጥ አንድም ሰው አይኖርም። ከዚያ በሳምንቱ ሁላችንም «ትውልዱ ተበላሸ» እንላለን።

ሐበሻው ከመቀመጫው የተነሣው ሩጫው ላይ ነው። አላዲን ራሱ ባዘጋጀው ውድድር ይሮጣል። ተኩሱ ሳይተኮስ ይነሣል፣ ሽጉጡም እሱ እጅ ነው፣ የሚቀድመውን ሯጭ በሽጉጥ ይለዋል። መጨረሻ ላይ ክሩን የያዙት ሰዎች ወደ እሱ ሮጠው ደረቱን ያስነኩታል። ከኋላችን የነበሩት የእኛ ልጆች ወንበር እየደበደቡ ሳቁ። ፈረንጁም ስቋል፣ ግን የለዘበ ሳቅ ነው። ሩጫን እንደኛ ያላመለከ ሰው ያ ክር ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም።

ቀጥሎ ሐኪም ቤቱ። አላዲን ብዙ ቃላትን ሰርዞ በገዛ ስሙ ተክቷቸዋል፣ ጥሩውም መጥፎውም «አላዲን» ነው የሚባለው። ሐኪሙ ለበሽተኛው የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ይነግረዋል፣ ውጤትህ አላዲን ነው ይለዋል። ሰውዬው ደስ ይለዋል፣ ወዲያው ይከፋዋል፣ መልሶ ደስ ይለዋል። ይህን ለአማቴ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እንደ ማታው ዜና ነው በለኛ» አሉ። ያኔ የባለ ሁለት አሃዙ ዕድገት ዜና በየማታው የሚነበብበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዞረው ከኋላቸው ማን እንደተቀመጠ አዩ። ሜሪላንድ፣ በጨለማ፣ በአማርኛ፣ ያውም በሹክሹክታ።

ፊልሙ ውስጥ ኒውዮርክ ያለ የዋዲያ ስደተኞች ምግብ ቤት አለ፣ ስሙ «ሞት ለአላዲን» ነው። አላዲን ተደብቆ ይገባል። የተቀመጡት ሁሉ ይገደሉ ብሎ ያዘዘባቸው ሰዎች ናቸው፣ ገዳዩ ሳይገድል በድብቅ እየላካቸው እዚያ ተሰባስበዋል። ስምህ ማነው ሲሉት ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ እያነበበ ስም ይፈጥራል። ይህን ያየ የዲሲ አካባቢ ሐበሻ እንዴት ዝም ይላል? እኛስ የምንበላበት ቤት ሁሉ እንደዚያ አይደለም? ግድግዳው ላይ ባንዲራ፣ ባንዲራው ላይ ጭቅጭቅ፣ ጥግ ላይ ማን እንደላከው የማይታወቅ ማኪያቶ ይዞ የሚያዳምጥ ሰውዬ።

ሲያልቅ በሩ ላይ ተሰበሰብን። ፈረንጆቹ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ የሚያወሩት ይሰማኛል። አንዱ አረብን መሳደብ ነው ይላል፣ ሌላዋ የለም የተሳደበው አሜሪካንን ነው ትላለች። እውነቷን ነው፣ መጨረሻ ላይ አላዲን ንግግር ያደርጋል፣ አምባገነን ቢኖራችሁ እኮ ከመቶ አንዱ ሰው ሀብቱን ሁሉ ይይዝላችሁ ነበር፣ ስልክ ትጠልፉ ነበር እያለ የራሳቸውን ጉድ ይዘረዝርላቸዋል። እነሱ በዚህ ይከራከራሉ። እኛስ? «ነውር ነው!» «ልጅ ይዘህ ብትመጣስ?» «ምን ዓይነት ርካሽ ሰው ነው!» ወንበር ሲደበድቡ የነበሩት ልጆች ሳይቀሩ ነውር ነው አሉ። ስለ ሩጫው የሚያነሣ የለም፣ ስለ ምግብ ቤቱም። ኤርትራዊ ጎረቤቴን እዚያው አገኘሁትና ስለ ካርታው ጠየቅሁት። ግራ ቀኙን አይቶ «እንኳን ስሙን ቀየሩት» አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ።

ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ቀን እዚያው ዲሲ፣ ሬገን ሕንፃ ውስጥ፣ የምግብ ዋስትና ስብሰባ ላይ ጋዜጠኛ አበበ ገላው ብድግ ብሎ «መለስ ዜናዊ አምባገነን ነው» እያለ ጮኸባቸው። አቶ መለስ አንገታቸውን ደፉ። እኛ ካፌ ውስጥ ምን ተባለ መሰላችሁ? ግማሹ ቡና ጋበዘ፣ ግማሹ «ነውር ነው፣ እንግዳ ፊት የአገር መሪ አይሰደብም» አለ። ስለ ፊልሙ ነውር ያሉት ሰዎች ናቸው፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ያለው ነገር እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ ማንም አልነካውም። አጯጯሁ ነው ያናደዳቸው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ፊልሙን በየመንገዱ ከሚሸጠው ዲቪዲ ገዝቶ አይቶታል። ስልክ ላይ «እንዴት አገኘኸው?» አልኩት። «ኧረ በጣም ጸያፍ ነው፣ ሴትየዋን ሲያዋልድ...» ብሎ ጀመረ። ሐኪም ቤቱስ፣ ሩጫውስ ስለው ሳል ያዘው። «እናንተ ጋ ብርድ ነው አሉ» አለኝ። በግንቦት! ገባኝ፣ ስልክ ነው። እሱን አልፈርድበትም፣ ብልግናውን ማውገዝ የሚያሳስር ነገር የለውም። የሚያቃጥለኝ እዚህ ያለነው ነን፣ ማንም ሳይጠልፈን እንሳላለን።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቶብኛል። ሥራ ቦታ ያለ አንድ ፈረንጅ ሰሞኑን ፊልሙን ቤቱ አይቶት ይኸው «አላዲን» ይለኛል። ጢም የለኝም፣ ኒሻን የለኝም፣ የፓርኪንግ ትኬት ነው የምቆርጠው። ሲያየኝ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ቀልድ ነው ይለኛል። ካርታውን አሳየሁትና ይህ የጎረቤቶቼ አገር ነው፣ ሰው እየሸሸው ባሕር ውስጥ ያልቃል አልኩት። «ሪሊ?» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ካዛኪስታኖች እንኳ ይሻላቸዋል። በእነሱ አቆጣጠር በ2006 ይኸው ኮኸን «ቦራት» የሚባል ፊልም ሠርቶ አገራቸውን መሳቂያ ሲያደርጋት ተቆጡ፣ በ2012 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ቱሪስት አበዛልን ብለው አመሰገኑ፣ በ2020 ደግሞ የቱሪዝም መሥሪያ ቤታቸው የቦራትን «ቬሪ ናይስ» መፈክር አደረገው። ለእኔ ቅጽል ስም ብቻ ነው የተረፈኝ።

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ከሥራ ገብታ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» አለች። አማቴ ነጠላቸውን እያጣጠፉ «ባልሽ የት የት እንደሚውል ጠይቂው» አሉ። ስለ ዜናው ትንፍሽ አላሉም። አገር ቤት ሲመለሱም ለዘመድ አዝማዱ ያወሩት ማዋለዱን ብቻ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ደውሎ «አንተ ሰውዬ፣ እናቴን ምን አሳየሃት?» ሲለኝ «ወጣ አድርጋት ያለችው እህትህ ናት» ብል ማን ይሰማኛል? እስከ ዛሬ የፊልም ምርጫ የባለቤቴ ነው። ዓርብ ማታ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ እናያለን፣ ሪሞቱም እሷ ጋ ነው።