ማስተካከያ፦ «ፕሌንስኬፕ ቶርመንት» የባዮዌር ሥራ አይደለም

ምርጥ የድሮ የኮምፒውተር ሮል ፕሌይንግ ጌሞችን (ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዞ የሚጫወታቸውን) እንድትመርጡ ባወጣሁት ዝርዝር ላይ «ፕሌንስኬፕ ቶርመንት»ን ባዮዌር በተባለው የጌም ሠሪ ስቱዲዮ ስም አስገብቼው ነበር። ስህተት ነው። ጌሙን የሠራው ብላክ አይል ስቱዲዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያወጣው ደግሞ ኢንተርፕሌይ ነው። ያረጋገጥኩት ጌሙ ራሱ ውስጥ ካለው የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ነው።

የባዮዌር የሆነው ጌሙ ራሱ ሳይሆን፣ ጌሙ የቆመበት ሶፍትዌር፣ ማለትም ኢንፊኒቲ ኢንጂን ነው። ባዮዌር «ባልደርስ ጌት»ን በሠራበት ኢንጂን ብላክ አይልም ተጠቅሞበታል። ሁለቱ ጌሞች ከላይ በሰያፍ ሲታዩ የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው። መንፈሳቸው ግን ለየቅል ነው። «ቶርመንት» ላይ አንድ ስሙን የማያስታውስ ሰው ሬሳ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ይነቃል። መጀመሪያ የሚያናግረው አየር ላይ የሚንሳፈፍ የራስ ቅል ነው። እንዲህ ያለ አጀማመር የፈጠሩ ሰዎች ሥራቸው በስማቸው ሊጠራ ይገባል።

ስህተቱ ድምፃችሁንም ነክቷል። ከአንድ ስቱዲዮ አንድ ጌም ብቻ ይመረጥ ስላልኩ፣ «ባልደርስ ጌት 2»ን የመረጠ ሰው «ቶርመንት»ን መተው ግድ ሆኖበታል። ይቅርታ። አሁን ሁለቱንም መምረጥ ትችላላችሁ። በአንጻሩ «ፎልአውት 2»ም የብላክ አይል ስለሆነ፣ እሱንና «ቶርመንት»ን አብራችሁ የመረጣችሁ አንዱን አስቀሩ። መቀየር የሚፈልግ ድጋሚ ይላክ፤ የምቆጥረው የመጨረሻውን ነው። የማይቀይር ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም።